ቅንጨ አረም፦ አበባ ሳያወጣ እንወቀው

(በሬዲዮ ለአዲስ አንባቢዎች የቀረበ ትምህርት)

ውድ አድማጮች፣ እስቲ አረፍ በሉ። ደብተርና እርሳስ ያላችሁም አጠገባችሁ አድርጉ። ዛሬ ስለ አንድ አረም እንነጋገራለን። በመጨረሻ ደግሞ ስለዚሁ አረም በደብተራችን ላይ እንጽፋለን።

የአረሙ ስም ቅንጨ አረም ነው። በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ይባላል። በየአገሩ ሌላም ስም አለው። በሐረርጌ ገበሬው በኦሮምኛ «ፋራምሲሳ» ይለዋል። ትርጉሙ «መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ» እንደ ማለት ነው። አያችሁ? አረም መሬት ያስፈርማል ተባለ። ለምን እንዲህ ተባለ? ይህን ዛሬ እናያለን።

አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት ወሎ ውስጥ ነበር። ቦታው ማሽላ የሚዘራበት ቆላ ነው። በዚያ ዓመት ለአዲስ የመማሪያ ክፍል ግንባታ አሸዋ መጥቶ በግቢው ጥግ ተከመረ። ክረምት ሲገባ ከአሸዋው ክምር ሥር ሁለት የማላውቃቸው ቅጠሎች በቀሉ። ቅጠላቸው ተቆርጦ የተጠለፈ ይመስላል። ያምራሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ጠሩኝና፣ «መምህር፣ ይቺን ባዳ ቅጠል ልንቀላት?» አሉኝ። እኔም፣ «ይተዉአት አባባ፤ ግቢው አረንጓዴ ይሁን እንጂ» አልኳቸው።

እሳቸው ገበሬ ነበሩ፤ እጃቸው ያወቀውን እኔ አላወቅሁም። ቅጠሏን ተውናት።

በሁለተኛው ዓመት አጥሩ ሥር ሁሉ ያው ቅጠል ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ጎርፍ ዘሩን ይዞ ወረደና ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው የማሽላ ማሳ ገባ። የማሳው ባለቤት አንዲት እናት ናቸው፤ ማታ ማታ ከእኛ ዘንድ ፊደል ይማሩ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ ቀሩና፣ «መምህር፣ የላሜ ወተት መረረኝ። ምን በልታብኝ ይሆን?» አሉኝ።

ላሟ የበላችው እኔ «ይተዉአት» ያልኩትን ቅጠል ነበር።

እንግዲህ ያን ጊዜ ጠይቄ የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ባዳ ሁሉ ጠላት ነው ወይ?

አይደለም። ይህን አስቀድመን እንለይ። በቆሎ ከየት መጣ? ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው የመጣው። ድንችም፣ በርበሬም፣ ቁልቋልም እንደዚሁ። ከውጭ መጥተው አገር ለምደዋል፤ እንበላቸዋለን፣ እንሸጣቸዋለን። እነዚህ መጤ ናቸው እንጂ ሁሉም ወራሪ አይደሉም።

መጤ ወራሪ የምንለው ሦስት ነገር የሚያሟላውን ነው። አንደኛ፣ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ማንም ሳይዘራው በራሱ በፍጥነት ይስፋፋል። ሦስተኛ፣ እህልን፣ ከብትን፣ ሰውን ወይም የአገሩን እፅዋት ይጎዳል።

በአገራችን እንዲህ ያሉ መጤ ወራሪዎች ጥቂት አይደሉም። የጣና ዳር ሰው እምቦጭን ያውቃል፤ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ዓሣ አጥማጁን መንገድ የሚዘጋው ነው። የአፋር አርብቶ አደር ፕሮሶፒስን ያውቃል፤ የግጦሽ መሬት የሚዘጋ እሾሃም ዛፍ ነው። የማሽላና የጤፍ ገበሬ ደግሞ ቅንጨ አረምን ያውቃል። ሦስቱም የመጡት ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው። የሚጎዱት ግን በየራሳቸው መንገድ ነው። የዛሬው ነገራችን ስለ ቅንጨ አረም ብቻ ነው።

ከየት መጣ? እንዴት ገባ?

የቅንጨ አረም የትውልድ ቦታው ሜክሲኮና በዙሪያዋ ያሉ ሞቃት አገሮች ናቸው። ከዚያ ተነሥቶ ሕንድ ገባ፤ አውስትራሊያ ገባ፤ አፍሪካም ገባ። በእኛ አገር በ1970ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ ታየ።

እንዴት እንደ ገባ ሁለት ዓይነት አነጋገር አለ። አንዳንዶች ከውጭ በመጣ የእርዳታ ስንዴ ውስጥ ተቀላቅሎ ገባ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በተሽከርካሪዎች ጎማ ላይ ተጣብቆ ገባ ይላሉ። በየትኛውም ይግባ፣ ትምህርቱ አንድ ነው። ይህ አረም እግር የለውም። የሚሄደው በእኛ እግር፣ በእኛ ከብት፣ በእኛ ጆንያ፣ በእኛ መኪና ነው። ወደ እኛ ትምህርት ቤት የመጣውም በአሸዋ ነው።

ለምን ያሸንፈናል?

ብዙ አረም አለን። ሙጃ አለ፤ መጭ አለ። ታዲያ ቅንጨን ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ይፈጥናል። ዝናብ ካገኘ፣ ከበቀለ በ4 ሳምንት ገደማ አበባ ያወጣል። እርጥበት ካለ ክረምት ከበጋ አይልም፤ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል።

ሁለተኛ፣ ዘሩ ብዙ ነው። አንድ ትልቅ ቅንጨ 15,000 ያህል ዘር ይሰጣል፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። እስቲ በማታ ትምህርት የተማርነውን ሒሳብ እንሥራበት። ከ15,000 ዘር ውስጥ ከመቶ አንዱ ብቻ በቀለ እንበል። 150 አረም ሆነ ማለት ነው። ከነዚያ ከእያንዳንዳቸው ዘርም 150 ቢበቅሉስ? 150 ሲባዛ በ150፣ 22,500 ነው። ሁለት ቅጠል ብዬ የተውኩት ነገር በሦስት ዓመት ማሳ የያዘው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ቢቀበር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዘንድሮ ጠፋ ስንል፣ በሌላ ዓመት ማረሻ ገልብጦ ያወጣዋል።

አራተኛ፣ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር ሌሎች ዘሮች እንዳይበቅሉ፣ የበቀሉትም እንዳያድጉ ያደርጋል። አጠገቡ ሣር ሲመነምን ታያላችሁ።

አምስተኛ፣ በትውልድ አገሩ የሚበሉት ነፍሳት አሉ። ወደ እኛ ሲመጣ ግን እነዚያን ጠላቶቹን እዚያው ትቶ ነው የመጣው። ከብትም ካልራበው በቀር አይነካውም። ስለዚህ ከብት ጥሩውን ሣር ግጦ ቦታውን ለቅንጨ ያጸዳለታል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የማሽላ ማሳ ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ቅንጨው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይታረም ሲቀር፣ እንደ ቦታውና እንደ ዓመቱ የማሽላው ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀነሰ። ይህን በኩንታል እናስበው። 10 ኩንታል የሚያስገባ ሰው፣ ቢሻል 6 ኩንታል ያገኛል። ቢከፋ ግን አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላለትም። «መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ» የተባለው እንግዲህ ለዚህ ነው።

ላም ስትበላው ወተቷ ይመራል፤ ሥጋውም ጣዕሙ ይበላሻል። አብዝታ ከበላች ትታመማለች፤ ልትሞትም ትችላለች።

ሰውንም ይጎዳል። የነካው ሰው ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ይላላጣል። ብናኙ ያስነጥሳል፤ ዓይን ያስለቅሳል፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዛሬ ነክታችሁት ምንም ላይላችሁ ይችላል። «እኔን አይነካኝም» አትበሉ። በተደጋጋሚ ሲነኩት በኋላ የሚጀምረው ሰው አለ።

እንዴት እናውቀዋለን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጠላትን ሳያውቁ መዝመት አይቻልም። ቅንጨን ደግሞ በአበባው ጊዜ ማንም ያውቀዋል። ችግሩ ያኔ ጊዜው ማለፉ ነው። ብልኅ የሚባለው አበባ ሳያወጣ የሚያውቀው ነው።

በልጅነቱ፦ ቅጠሎቹ መሬት ላይ ተለጥፈው ዙሪያውን ክብ ሠርተው ይተኛሉ። ልክ በመሬት ላይ የተቀመጠ ሰፌድ ይመስላል። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል በጥልቀት የተቆራረጠ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። በደንብ ሲያዩት ስስ ፀጉር አለው።

ሲያድግ፦ ከመሃል አንድ ግንድ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰመረ መስመር አለ። ወደ ላይ ሲሄድ ይቀነጠባል፤ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቁመቱ ከሰው ጉልበት እስከ ሰው ቁመት ይደርሳል። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ይገባል።

አበባ ሲያወጣ፦ አበባው ነጭ ነው። በጣም ትንሽ ነው፤ አንዷ አበባ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ አምስት ጥግ አላት። ብዙ ሆኖ ከሩቅ ሲታይ ቅንጬ የተበተነበት ይመስላል። ስሙን ስትሰሙ አበባውን በዚህ አስታውሱት።

ከሌላ ቅጠል ጋር እንዳናሳስተው እንጠንቀቅ። የአሪቲ ቅጠልም የተቆራረጠ ነው። ነገር ግን አሪቲ ደስ የሚል ጠንካራ ሽታ አለው፤ ቀለሙም ወደ አመድማ ያደላል። መጭና አደይ አበባ ቢጫ ናቸው፤ ቅንጨ ነጭ ነው። ያላወቃችሁት ሲያጋጥማችሁ በባዶ እጃችሁ አትሹት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ አሳዩ።

የት እንፈልገው? መቼስ?

ቅንጨ መጀመሪያ ማሳ መሃል አይገባም። መጀመሪያ የሚታየው ሰውና እቃ በሚመላለስበት ቦታ ነው። እነዚህን ቦታዎች ጻፉ፦

መንገድ ዳር።
ገበያና መኪና መቆሚያ።
ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን አካባቢ።
አሸዋና ጠጠር የተከመረበት ቦታ።
የከብት መሄጃና ውሃ መጠጫ።
የወንዝና የቦይ ዳር።
ጭድ ወይም ፍግ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተደፋበት ቦታ።

መቼ እንይ? ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ በየሁለት ሳምንቱ። ለምን ሁለት ሳምንት ሆነ? አረሙ ከበቀለ በ4 ሳምንት ገደማ አበባ ያወጣል ብለናል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ካየን፣ ስንመለስ አብቦ ይጠብቀናል። በየሁለት ሳምንቱ ካየን ግን በአንደኛው ዙር ያመለጠን በሁለተኛው ዙር ሳያብብ ይያዛል። ቀጠሮው እንዳይረሳ የገበያ ቀን ወይም የበዓል ቀን ምልክት አድርጉ።

መዝገብ እንያዝ

አሁን ደብተራችሁን ግለጡ። አምስት ቃላት ጻፉ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ብዛት፣ ሁኔታ፣ የተሠራው ሥራ። ይህ የአረም መዝገብ ይባላል። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

ቀን፦ ሰኔ 20። ቦታ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ብዛት፦ 7። ሁኔታ፦ አበባ የለውም። የተሠራው ሥራ፦ ከነሥሩ ተነቀለ።

ቀን፦ ሐምሌ 4። ቦታ፦ ያው። ብዛት፦ 3። ሁኔታ፦ አበባ የለውም። የተሠራው ሥራ፦ ተነቀለ።

ቀን፦ ሐምሌ 18። ቦታ፦ ያው። ብዛት፦ 0።

«ዜሮን መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ይጠቅማል። ዜሮ ማለት «ሄጄ አይቻለሁ፤ የለም» ማለት ነው። ካልተጻፈ ግን የለም ይሁን ወይም ማንም ሄዶ ያየ አይኑር፣ አይታወቅም። ደግሞም ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይ ተናግረናል። ዘንድሮ ዜሮ የሆነ ቦታ ከርሞም፣ ከዚያ ወዲያም መታየት አለበት። ሰው ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም።

እንዴት እናጥፋው?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳት ሳይነሣ በቅጠል ይጠፋል፤ ከተነሣ ወዲያ ግን ወንዝም አይበቃው። ቅንጨም እንዲሁ ነው።

አንደኛ፣ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ እንንቀል። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲርስ ሥሩ በቀላሉ ይወጣል። በማጭድ ከላይ ብቻ ከታጨደ ከሥር ያቆጠቁጣል፤ አጥሮም ቢሆን ያብባል። ስለዚህ ማጨድ መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ራሳችንን እንጠብቅ። ጓንት ካለ ጓንት፣ ከሌለ ፌስታል በእጃችን እናጥልቅ። እጅጌው ረጅም ልብስ እንልበስ። አፍና አፍንጫን በጨርቅ እንሸፍን። ሥራው ሲያልቅ በውሃና በሳሙና እንታጠብ፤ ልብሱንም እንጠብ። አስም ያለበት ሰውና ቆዳው የተቆጣበት ሰው ከዚህ ሥራ ይቅር። ልጆችን አናሰማራ።

ሦስተኛ፣ ያበበ ከሆነ መጠንቀቅ አለብን። ያበበ ቅንጨ ነቅሎ መንገድ ላይ መጣል ዘር መዝራት ነው። ወንዝ ውስጥ መጣል ለታችኛው አገር ሰው መዝራት ነው። ወደ ፍግ ጉድጓድ አይጣል፤ ለከብት አይሰጥ፤ መጥረጊያም አይደረግ። በቀስታ ነቅለን በጆንያ እንክተተው። ከማሳና ከቤት ርቆ በአንድ ቦታ ይድረቅና ይቃጠል። ስናቃጥል ጢሱ በማይመጣበት በኩል እንቁም። ያቃጠልንበትን ቦታ ደግሞ በመዝገባችን እንጻፍ፤ የተረፈ ዘር ሊበቅል ይችላልና።

አራተኛ፣ የማሽላ ማሳ ላይ ሽልሻሎ ይረዳል። ሽልሻሎ ግን ብቻውን አይበቃም። ከማሽላው ሥር የተረፈውን በእጅና በመኮትኮቻ መልቀም ያስፈልጋል። አብቦ ዘር ከያዘ በኋላ ማረስ ግን ዘሩን መቅበር ነው። ለሚመጡት ዓመታት ስንቅ ይሆነዋል።

አምስተኛ፣ ባዶ መሬት አንተው። ቅንጨ የሚወደው የተራቆተ መሬት ነው። ሣር ጥቅጥቅ ብሎ የሸፈነው ቦታ ላይ ዘሩ በቀላሉ አያድግም። ስለዚህ የግጦሽ መሬት ሲጎዳ ከልለን እናሳርፈው። ከነቀልን በኋላም ቦታው ሣር ወይም ሰብል ይልበስ።

ስድስተኛ፣ መንገዱን እንዝጋበት። ዘር ስንገዛ ወይም ስንበደር እናበጥር፣ እንንፋ። ቅንጨ ካለበት ቦታ ጭድና ፍግ አናምጣ። አሸዋ ከመጣ ክምሩን እንከታተል። ከአረማማ ቦታ የመጣ ማረሻ፣ ጫማና የከብት ሰኮና ጭቃው ይራገፍ። በአውስትራሊያ በኵዊንስላንድ ገበሬዎች መኪናና ማጨጃቸው ወደ ሌላ ማሳ ከመግባቱ በፊት የሚያጥቡት ስለዚሁ አረም ነው። እኛ ማጨጃ መኪና ባይኖረን፣ የሞፈርና የቀንበራችንን ጭቃ ማራገፍ አያቅተንም።

ሰባተኛ፣ ስለ መድኃኒት። የአረም መድኃኒት አለ። ነገር ግን ዓይነቱንና መጠኑን የግብርና ባለሙያ ሳይናገር አትርጩ። አረም የሚገድል መድኃኒት ሰብልንም፣ ንብንም፣ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። የመድኃኒቱን ዕቃ ለውሃ ወይም ለዘይት አትጠቀሙበት። ማንበብ ስለ ቻላችሁ ደግሞ ጽሑፉን አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ጥንዚዛ ሲያግዘን

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ጠላቶቹን ትውልድ አገሩ ትቶ ከመጣ፣ ጠላቶቹን አምጥተን ብንለቅበትስ?

ይህን ያሰቡ አሉ። ቅጠሉን የሚበላ ዛይጎግራማ የሚባል አንድ ትንሽ ጥንዚዛ አለ። ከሜክሲኮ ተወስዶ በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ተለቀቀ። ሊስትሮኖተስ የሚባል ሌላ ነፍሳት ደግሞ አለ፤ የዚህ ትሉ ግንዱን ሰርስሮ ይበላል። ወደ እኛ አገርም መጥተዋል። ግን ዝም ብሎ አልተለቀቁም። መጀመሪያ አምቦ በሚገኘው የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ውስጥ ተዘግቶባቸው ተፈተኑ። ኑግ ይበላሉ? ጤፍ ይበላሉ? ተብሎ ተመረመረ። ኑግ ከቅንጨ ጋር በዝርያ ስለሚዛመድ በተለይ ለእሱ ተሰግቶ ነበር። ከፈተናው በኋላ በ2008 ዓ.ም. ጥንዚዛው ተለቀቀ።

እነዚህ ነፍሳት አረሙን ያዳክሙታል እንጂ ፈጽመው አያጠፉትም። «ጥንዚዛ አለልን» ብሎ መተኛት አይገባም። ነፍሳቱ ይበላሉ፤ እኛ እንነቅላለን፤ ሣሩ ይሸፍናል። ሦስቱ ሲተባበሩ ነው ለውጥ የሚመጣው። ከሌላ አገር ነፍሳት ማምጣት ደግሞ የተመራማሪ ሥራ ነው፤ በግል የሚሞከር ነገር አይደለም።

ብቻውን የሚነቅል ሰው

አንድ ሰው ማሳውን ቢያጸዳና ጎረቤቱ ቢተው ምን ይሆናል? ነፋስና ጎርፍ ድንበር አያውቁም። መንገድ ዳርም የማንም አይደለም ተብሎ ይተዋል። ቅንጨ የሚወደው ደግሞ «የማንም አይደለም» የተባለውን ቦታ ነው። ስለዚህ ለአዝመራ ደቦ እንደምንጠራ ለቅንጨም ደቦ እንጥራ። መንገዱን፣ ገበያውንና የትምህርት ቤቱን አጥር በየተራ እንከፋፈል። የማን ተራ እንደ ሆነ በመዝገቡ ይጻፍ፤ የሠራውም ሰው ይፈርም።

በመጨረሻ፣ እኚያ ወተት የመረራቸው እናት ምን ሆኑ? ትሉ ይሆናል።

እኔም ጥፋቴን ነገርኳቸው። ቅጠሏን «ይተዉአት» ያልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እንግዲያው አብረን እንነቅላታለና» አሉኝ። በማታው ትምህርት ቤት አንድ ደብተር ለዚህ ሥራ ብቻ አደረግን። ቦታውን የሚያውቁት ተማሪዎቹ፣ ቃሉን የማሳያቸው እኔ። የመጀመሪያው ዓመት ብዛቱን መቁጠር ታከተንና «ብዙ» ብለን ጻፍን። በሦስተኛው ዓመት በጣት የሚቆጠር ሆነ። ላሟም በክረምት ከዚያ ማሳ ዳር መታሰር ቀረ፤ ወተቱ ጣዕሙ ተመለሰ።

ነገሩ ግን አልቋል አልላችሁም። ከዚያ ቦታ ተዛውሬ ከሄድኩ በኋላም እኚያ እናት በየክረምቱ ከማሽላቸው ሥር ቅንጨ ይለቅሙ ነበር። ዘሩ አፈር ውስጥ ነበራ። እኔ ሁለት ቅጠል ለመንቀል የደቂቃ ሥራ አቅልዬ ተውኩ፤ የእሳቸው ወገብ ዓመታት ጎበጠበት። ይህን ሳስብ አሁንም ያሳፍረኛል። ስለዚህ ነው ይህን አረም በሬዲዮ የማነሣው።

እኚያ እናት ፊደል ከመማራቸው በፊት የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን በእጃቸው የጻፉት ስማቸው አለ። አረሙ «መሬትሽን ፈርመሽ ልቀቂ» ቢላቸው፣ እሳቸው የፈረሙት አረሙ የተነቀለበትን ቀን ነው።

ውድ አድማጮች፣ እናንተም ነገ ጠዋት በየመንገዳችሁ መሬት ላይ የተለጠፈ፣ የካሮት ቅጠል የመሰለ ነገር ካያችሁ አትለፉት። ቁሙ፣ እዩ፣ ንቀሉ፣ ጻፉ።

በማድመጫ ቡድናችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. መጤ ሁሉ ወራሪ ያልሆነው ለምንድን ነው? ምሳሌ ስጡ።
2. ቅንጨ አረም አበባ ሳያወጣ በምን በምን ይታወቃል?
3. በየሁለት ሳምንቱ ማየት ያስፈለገው ለምንድን ነው?
4. በቀበሌያችሁ መጀመሪያ መታየት ያለባቸውን አምስት ቦታዎች በደብተራችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ዙር ማን ይሄዳል? ስሙንም ጻፉ።

ደኅና እደሩ።